ፓምፑ እንዲሰማን
ለፓዌ መስኖ አልሚዎች፣ ለቦኖና ለቧንቧ ተጠቃሚዎች ሁሉ የቀረበ ጥሪ

ክረምቱ ወጥቶ መሬቱ መሰንጠቅ ሲጀምር ፓዌን በጠዋት የሚቀሰቅሳት ዶሮ ብቻ አይደለም፤ ሞተርም ነው። ከበለስ ዳር፣ ከየጅረቱ አፋፍ፣ ከየጓሮው ጉድጓድ ድምፁ ይሰማል። ያ ድምፅ ሽንኩርት ነው፣ ቲማቲም ነው፣ ቃሪያ ነው፤ የልጅ ደብተርና ጫማ ነው። እወደዋለሁ። ዛሬ ብዕር ያስነሳኝ ግን ያው ሞተር እየጮኸ፣ ቤንዚኑ እየነደደ፣ ውሃው የማንንም ሥር ሳያርስ ቦይ ለቦይ ሲፈስ ማየቴ ነው።

ባለፈው በጋ አንድ ቀን፣ ፀሐይ አናት ላይ በወጣችበት ሰዓት፣ ሦስት ጎረቤታሞች በአንድ ፓምፕ ወደሚያጠጡበት ማሳ ወረድኩ። ከፓምፑ የወጣው ጎማ መሐል ላይ ሦስት ቦታ ተከፍሏል። አንደኛው ሰው ሽንኩርቱን አጠጥቶ ጨርሷል፤ ጎማውን ግን አልዘጋውም፤ አፉን ወደ ቁጥቋጦው አዙሮ ጥላ ሥር ተቀምጧል። ውሃው ቁልቁል ይወርዳል። "ወንድሜ፣ ለምን አትዘጋውም?" አልኩት። ቀና ብሎ አየኝና፣ "ብዘጋው የዚያኛው ጎማ ይፈነዳል። ባለፈው ሳምንት ዘግቼ መቶ ሜትር ጎማ አስቀደድኩበት" አለኝ።

ሰውየው ሰነፍ አልነበረም፤ ነገሩ ገብቶታል። ብቻውን ቢዘጋ ጎረቤቱን ይጎዳል። ባይዘጋ ነዳጁን ያፈሳል። ከሁለቱ ጉዳት ጎረቤቱን የማያስቀይመውን መረጠ። እኔ የምለው፣ ይህ ምርጫ ሊቀርብለት አይገባም ነበር። ጥፋቱ የእሱም የጎረቤቱም አይደለም። ፓምፑ አይሰማም፤ የሚያሰማውም ሰው የለም።

ነገሩን ላብራራው። ፓምፕ አንዴ ከተነሳ ማሳው ላይ ስንት ሰው ውሃ እንደሚፈልግ አያውቅም። ሦስቱም ቢፈልጉ፣ አንዱ ብቻ ቢፈልግ፣ ማንም ባይፈልግ፣ በዚያው ፍጥነት ይዞራል። ከአንዱ በኩል መውጫ ሲያጣ ጉልበቱን ወደ ቀሩት ይገፋል፤ ጎማው ያብጣል፣ መጋጠሚያው ይተፋል፣ ቦዩ ይናዳል። መዝጊያ መዝጋት በራሱ የሚቆጥበው ነዳጅ ትንሽ ነው። ሁሉም ቢዘጉ ደግሞ ውሃው እዚያው ፓምፑ ሆድ ውስጥ እየተንቦጫቦጨ ይሞቃል፣ ጎሚኒውንም ያቃጥላል። ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ የተባለው እንዲህ ላለው ሥራ ይመስለኛል።

ይህን ችግር ከእኛ በፊት ያዩት ሰዎች አሉ። በሰሜን አሜሪካና በሌሎች ቀዝቃዛ አገሮች "የውሃ ምንጭ ሙቀት ፓምፕ" በሚባል መሣሪያ የሚሞቁና የሚቀዘቅዙ ትልልቅ ሕንፃዎች አሉ። ስሙ እንግዳ ይሁን እንጂ መሣሪያው የፍሪጅ ወንድም ነው። ፍሪጅ የውስጡን ሙቀት አውጥቶ በጀርባው እንደሚተፋ ሁሉ፣ ይህም በሙቀት ጊዜ የክፍሉን ሙቀት ወስዶ በቱቦ ለሚዞር ውሃ ይሰጣል፤ በብርድ ጊዜ ከውሃው ወስዶ ለክፍሉ ይመልሳል። በአንድ ሕንፃ ውስጥ እንዲህ ያሉ መሣሪያዎች በርካታ ናቸው፤ ውሃውን ለሁሉም የሚያደርሰው ግን አንድ ዋና ፓምፕ ነው። ልክ እንደ ሦስቱ ጎረቤታሞች ማለት ነው። ድሮ ግማሹ መሣሪያ ጠፍቶ እንኳ ውሃው በሁሉም ውስጥ ቀንና ሌሊት ይዞር ነበር፤ ፓምፑም ሙሉ ኤሌክትሪኩን ይበላ ነበር።

ምን አደረጉ? በመጀመሪያ በየመሣሪያው መግቢያ መዝጊያ ገጠሙ፤ መሣሪያው ሲነሳ የሚከፈት፣ ሲጠፋ የሚዘጋ። ይህ ብቻውን አልበቃም፤ ምክንያቱም ከላይ እንዳልነው ፓምፑ አይሰማም። ስለዚህ የቱቦውን ግፊት የሚያነብ መሣሪያ አስገቡና ከፓምፑ ሞተር ጋር አገናኙት። መዝጊያዎች ሲዘጉ ግፊቱ ይጨምራል፤ ፓምፑ ይህን ሰምቶ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ሲከፈቱ ይፈጥናል። ዛሬ ይህ አሠራር በአሜሪካ የሕንፃ ኃይል ቁጠባ መመዘኛ ውስጥ ገብቷል። ከእነሱ የምንወስደው መሣሪያቸውን አይደለም፤ ለፓዌ ሙቀት ሌላ መላ አለ። የምንወስደው አንድ ሐሳብ ነው፦ መዝጊያውና ሞተሩ ይነጋገሩ።

ሲነጋገሩ የሚገኘው ትርፍ ሰው ከሚገምተው በላይ ነው። እንዲህ ባለ የሚሽከረከር ፓምፕ ላይ ፍጥነቱ ሲቀንስ የሚፈልገው ጉልበት በእጅጉ ይወርዳል። ከአምስት እጅ አንዱን ፍጥነት ብትቀንስ የሚወጣው ውሃ በአምስት እጅ አንድ ያህል ይቀንሳል፤ የሚበላው ጉልበት ግን ወደ ግማሽ ይወርዳል። ስሌቱ አንድ ነገር ይጠይቃል፤ ማሳው ከወንዙ በጣም ከፍ ያለ ከሆነ ፍጥነቱን ብዙ መቀነስ አይቻልም፤ ውሃው አቀበቱን አይወጣም። የቤንዚን ሞተርም ጉልበቱ በግማሽ ሲወርድ ነዳጁ እኩል በግማሽ አይወርድም። ቢሆንም ልዩነቱ በሊትር የሚታይ፣ በኪስ የሚሰማ ነው። ለጥ ባለ ማሳ ላይ ረጅም ጎማ ለሚዘረጋ ሰው ደግሞ ትርፉ የበለጠ ነው።

እኛ ግፊት የሚያነብ መሣሪያ የለንም። ሰው ግን አለን።

በጎጃምም በሸዋም መስኖ ባለበት ሁሉ "የውሃ አባት" የሚባል ሰው እንዳለ ፓዌ ውስጥ የማያውቅ ሽማግሌ የለም። ተራ ያስይዛል፣ ጠለፋውን ያስጠርጋል፣ የተጣላ ያስታርቃል፣ ውሃ የሰረቀን ይቀጣል። ቃሉ ይከበራል፤ ምክንያቱም ሕዝቡ ራሱ ነው የመረጠው። እንግዲህ ጥሪዬ ከዚህ ይጀምራል፦ ለእያንዳንዱ የጋራ ፓምፕ የውሃ አባት ይመረጥ። ቦዩን ብቻ ሳይሆን ሞተሩንም የሚጠብቅ ይሁን። አጠጥቶ የጨረሰ ሰው ጎማውን ከመዝጋቱ በፊት ያፏጭ፣ ወይም ይደውል፤ ሞተሩ አጠገብ ያለው ሰው ጋዙን ይቀንስ፤ ከዚያ ይዘጋ። ሌላው ሲጀምር ምልክቱን ይስጥ፣ ጋዙ ይጨመር። አንድ ፉጨት መቀነሻ፣ ሁለት ፉጨት መጨመሪያ። ሕንፃ ውስጥ በብዙ ገንዘብ የተገጠመው መሣሪያ የሚሠራውን ይህ ይሠራል።

ለምን በጋራ እላለሁ? አንድ ሰው ብቻውን ሊያደርገው የማይችል ስለሆነ ነው። ያ ጥላ ሥር የተቀመጠው ሰው የዓለምን ቅንነት ይዞ ቢነሳ እንኳ ብቻውን ጎማ ከማስቀደድ ሌላ የሚያተርፈው የለም። ሦስቱ ሲስማሙ ግን በዚያው ቀን፣ ምንም ሳይገዙ፣ ነዳጅ ይቆጥባሉ።

አብረን ደግሞ ጎማችንን እንይ። ብዙዎቻችን ፓምፑን ስንገዛ ጉልበቱን እንጠይቃለን፤ ጎማውን ግን ርካሹንና ቀጭኑን እናነሳለን። ያው መጠን ያለው ውሃ በባለ 2 ኢንች ጎማ ሲሄድ፣ በባለ 3 ኢንች ከሚያጋጥመው ግጭት ሰባት እጥፍ ያህል ያጋጥመዋል። ሰባት እጥፍ! ጎማው ሲረዝም፣ ሲጣመም፣ በየመጋጠሚያው በላስቲክና በሽቦ ሲታሰር፣ ሞተሩ ውሃ ሳይሆን ጎማ እየገፋ ይውላል። የመምጠጫው ጎማ ደግሞ አጭር ይሁን፤ ፓምፑን አፋፍ ላይ ትታችሁ ወንዙን ከታች ለመሳብ አትሞክሩ። ከባሕር ወለል 1,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው ያለነው፤ አየሩ ከቆላው ባሕር ዳርቻ ይልቅ ስለሚሳሳ ፓምፕ የመምጠጥ አቅሙ ይቀንሳል። ፓምፑ ወደ ውሃው ይውረድ፤ መግፋቱን ይችልበታል።

መሬቱንም እንጠይቀው። የፓዌ ጥቁር አፈር ሲደርቅ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል፤ ውሃ ሲያገኝ አብጦ ይዘጋል፤ ከዚያ በኋላ የሚለቀቅበትን ውሃ ላዩ ላይ ያቁራል። ሽንኩርት በቆመ ውሃ ውስጥ ከሥሩ ይበሰብሳል። እንግዲህ ነዳጅ አቃጥለን ሰብላችንን የምናበሰብስበት ጊዜ አለ ማለት ነው። ከማጠጣታችሁ በፊት ከሥሩ አጠገብ አንድ ስንዝር ቆፍሩና አፈሩን ጨብጡት። ከተድቦለቦለና መዳፍን ካቀዘቀዘ ተክሉ አልጠማውም፤ ሞተሩ ይቆይ። ከተበተነ ይነሳ። ጎረቤት "ዛሬ አጠጣ" ስላለ፣ ተራ ስለደረሰ ብቻ የሚለቀቅ ውሃ መቅረት አለበት። ተራው ይጠበቅልህ፤ የውሃ አባቱ ሥራ አንዱ ይኸው ነው። ሰው ተራውን የሚያባክነው ካልተጠቀመበት ይቀርብኛል ብሎ ስለሚፈራ ነው።

አንድ ስሌት ልጨምር። በደቂቃ 500 ሊትር የሚያወጣ ፓምፕ 25 ጀሪካን እየሞላ ነው። ባለቤቱ ምሳ ሊበላ ሄዶ ግማሽ ሰዓት ቢቆይ 750 ጀሪካን ነው። እናቶችና ልጆች ያንን ያህል ጀሪካን በጀርባ ቢሸከሙ ስንት ቀን እንደሚፈጅ እናንተው አስሉት።

ከማሳው ወደ ከተማው ልመለስ፤ እዚያም ታሪኩ ያው ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ሁሉ ሰው ቧንቧውን ከፍቶ ይተኛል። ሌሊት ውሃው ይመጣል፣ ሮቶው ይሞላል፣ ይተርፋል፣ ግቢውን አቋርጦ መንገድ ላይ ይወርዳል፤ ጠዋት ጭቃውን እንረግጠዋለን። ከፍ ብሎ ያለው ሰፈር በዚያው ሌሊት አንዲት ጠብታ አላገኘም። ብዙ ጊዜ በቧንቧ ውስጥ ውሃ የሚጠፋው ሳይኖር ቀርቶ አይደለም፤ ከታች ያለነው አፉን ከፍተን ስለተውነው ግፊቱ ወደ ላይ ሳይደርስ ይቀራል። ሮቶው ሲሞላ የሚዘጋ ተንሳፋፊ ኳስ ያለው መዝጊያ ትንሽ ዕቃ ናት፤ ዋጋዋ ከሮቶው ጋር ሲነጻጸር ምንም አይደለም። ሃያ ቤት ቢገጥማት ሃያ አንደኛው ቤት ውሃ ያያል። አንድ ቤት ብቻ ቢገጥማት ግን የተረፈውን ውሃ ሌላው የታችኛው ቤት ይወስደዋል እንጂ ከፍ ብሎ ካለው ሰፈር አይደርስም። እዚህም ጥያቄው የጋራ ነው።

የሚያንጠባጥበውን ቧንቧ ንቀን አንለፍ። ጀሪካን ሥሩ አስቀምጡና በሰዓት ለኩት። በአሥር ደቂቃ 20 ሊትር ከሞላ በቀን 144 ጀሪካን እያለፈ ነው። ይህ ውሃ ከጉድጓድ እስከ ማጠራቀሚያው 60 ሜትር ተነስቶ ከሆነ፣ ፓምፑም እንደ ብዙዎቹ ግማሹን ጉልበት የሚያባክን ከሆነ፣ ያ አንድ ቧንቧ ብቻ በቀን 1 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ኤሌክትሪክ መሬት ላይ ያፈሳል። አንድ መንደር ውስጥ እንዲህ ያለ ስንት አለ? ማንም አይቆጥረውም፤ ምክንያቱም ቆጣሪው የሚያነበው ወደ ቤት የገባውን እንጂ ቦኖው ሥር የጠፋውን አይደለም። እንግዲህ እንቁጠረው። የየመንደሩ የውሃ ኮሚቴ አንድ ደብተር ይያዝ፤ የፈሰሰው ቦታ፣ የታየበት ቀን፣ የተጠገነበት ቀን ይጻፍበት። ሦስተኛው ዓምድ ባዶ ሆኖ ሲሰነብት ማንን መጠየቅ እንዳለብን እናውቃለን።

ይህን ሁሉ የምለው በውሃና በኃይል መሐል ስለምንኖር ነው። በግንቦት 2002 የተመረቀው የጣና በለስ ማመንጫ የጣናን ውሃ 12 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚረዝም ዋሻ አሳልፎ ቁልቁል ይጥለውና 460 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ይሰጣል፤ ተርባይኑን የመታው ውሃ ወደ በለስ ይገባል። የበጋው በለስ ከድሮው የሞላው በዚህ ነው፤ በለስ ዳር የቆመው ሞተራችሁም በየካቲትና በመጋቢት የሚስበው ያንን ውሃ ነው። በዚሁ በመተከል ዞን፣ ጉባ ላይ፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የህዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋዋት አለው። ውሃ ሲወርድ ኃይል ይሰጠናል፤ ስናወጣው ኃይል ይወስድብናል። ከላይ በዚህ ያህል ድካም የተገኘውን ከታች በተከፈተ ጎማ መልሰን ማፍሰስ አይገባም። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው የሚለው ተረት በመተከል ሰው ላይ መድረሱ ይብቃ።

ፓዌ ደግሞ ማሽን ሲቆም ምን እንደሚመስል ታውቃለች። ከ1977ቱ ድርቅ በኋላ ከወሎ፣ ከሸዋ፣ ከጎጃም፣ ከከምባታና ከሐዲያ የመጣ ወደ 80 ሺህ የሚጠጋ ሰው፣ የጉሙዝ ሕዝብ አገር በሆነው በዚህ መሬት ላይ ሰፈረ። መንደሮቹ ቁጥር እንጂ ስም አልነበራቸውም፤ ዛሬም መንደር 7፣ መንደር 14 እያልን ነው የምንጠራራው። በጣሊያን ድጋፍ የተካሄደው የያኔው የጣና በለስ ፕሮጀክት ትራክተር አመጣ፣ ቧንቧ ዘረጋ፣ ሆስፒታል ሠራ። በ1983 መንግሥት ሲለወጥ ፕሮጀክቱ ቆመ፤ ከእሱ ጋር ብዙ ማሽን ቆመ። ያን ዘመን ያዩ ሰዎች ዛሬም በየመንደሩ አሉ፤ ጠይቋቸው። ማሽኑ የሌላ ሰው ስለነበር የሚጠግነው፣ የሚቆጥበው፣ "ይህ የእኔ ነው" የሚለው ሰው አልነበረውም። ዛሬ ሞተሩም ጎማውም የእኛ ነው። በራሳችን ሽንኩርት የገዛነው ነው።

ያለፉት ዓመታት ግጭት በመተከል ያመጣው ሐዘን ከሁላችንም ቤት ገብቷል። ሰው ከሰው ጋር እንዲቀመጥ የሚያደርግ ሥራ እንፈልጋለን። አንድ ወንዝ የሚጠጡ ጉሙዝ፣ ሺናሻ፣ አገው፣ አማራ፣ ከምባታ፣ ሐዲያ በአንድ የውሃ አባት ቃል ተራ ሲይዙ፣ እርቅ ከወንዙ ዳር ጭምር ሊጀምር ይችላል ብዬ አምናለሁ። የውሃ አባት ስትመርጡ ከላይ የሚያጠጣውንም ከታች የሚያጠጣውንም፣ ቀድሞ የኖረውንም በኋላ የመጣውንም አስቀምጡ። ሴቶችን አትርሱ፤ ውሃ ሲጠፋ ጀሪካን ይዞ የሚነሳው ማን እንደሆነ እናውቃለን።

ለፓዌ ግብርና ምርምር ማዕከል ባለሙያዎችም ቃል አለኝ። አኩሪ አተሩንና ሩዙን እንዳሳያችሁን ሁሉ፣ አንድ የጋራ ፓምፕ ውሰዱና ጋዙ ሲቀነስና ሳይቀነስ በሰዓት ስንት ሊትር እንደሚበላ በገበሬው ፊት ለኩት። ገበሬ ያየውን ያምናል። የቴክኒክና ሙያ መምህራን፣ ተማሪዎቻችሁን ለአንድ ቅዳሜ ወደ ወንዙ አውርዷቸው፤ የሚያፈስ መጋጠሚያና የላላ ጎሚኒ ከማንኛውም ክፍል የተሻለ ትምህርት ይሰጣል። ነጋዴዎች፣ ወፍራሙን ጎማና ተንሳፋፊውን መዝጊያ አስመጡ፤ ገዢ እናመጣላችኋለን። የወረዳው ውሃ ኃላፊዎች፣ ማጠራቀሚያው ሲሞላ ፓምፑን በራሱ የሚያጠፋው ማብሪያ ካልሠራ አስጠግኑት፤ ከሌለም አስገጥሙት። በፀሐይ ኃይል የሚሠራ ፓምፕ የያዛችሁም ከዚህ ነፃ አይደላችሁም፤ ፀሐይ ነፃ ናት ተብሎ ሲፈስ የሚውለው የጉድጓድ ውሃ ግን ያልቃል።

ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ ደቦ የምናውቅ ሰዎች ነን። አረም በደቦ ነቅለናል፣ ቤት በደቦ ሠርተናል፣ ሐዘን በእድር ተሸክመናል። የዘንድሮውን በጋ ነዳጅም በደቦ እንያዘው። በመጪው እሑድ ከሰዓት እያንዳንዱ የፓምፕ ቡድን ጎማውን ይዞ ወንዝ ዳር ይሰብሰብ። ጎማው ይዘርጋ፣ ቀዳዳው ይቆጠር፣ ይጠገን። የውሃ አባቱ ይመረጥ። በፉጨቱ ስምምነት ይደረግ። የዚያን ዕለት ማታ ደግሞ እያንዳንድሽ፣ እያንዳንድህ፣ ከመተኛትህ በፊት ውጣና የሮቶህን አፍ በባትሪ እይ። ክፍት ከሆነ ዝጋው፤ ከዚያም የጎረቤትህን በር አንኳኳና ንገረው።